መሪው ከ90 በላይ ሲንቀጠቀጥ፦ በቆየች መኪና ላይ ጥፋቱን እንዴት ፈልጋችሁ እንደምታገኙት

አዳማ መንገድ የምትመላለሱ ይሄን ታውቁታላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ፈጣኑ መንገድ ገብታችሁ ፍጥነት ስትጨምሩ እስከ 80 ድረስ መኪናዋ ምንም የላትም፣ 90 ላይ መሪው መዳፋችሁን መኮርኮር ይጀምራል፣ 100 ሲሞላ እጃችሁ እስከ ክርናችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ከዛ ደሞ 115 ላይ ድንገት ፀጥ ይላል። ከተማ ውስጥ ለመካኒክ ብታሳዩት እሱ ሰፈር ውስጥ 40 ነድቶ "አለቃ ምንም የላትም እኮ" ብሎ ይመልስላችኋል፣ እውነቱን ነው፣ 40 ላይ ምንም የላትም።

የኔ መኪና በፈረንጅ የ1999 ስሪት ኮሮላ ናት። ነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት በ2016 ከታገደ ወዲህ ደሞ እነዚህን መኪኖች አሮጌ ናቸው ብሎ መተው ቀርቷል፣ እያስታመሙ መንዳት ነው። ይሄ መንቀጥቀጥ ሲጀምረኝ ሁለቴ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሰራሁ፣ ታይሮድ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ) ግራና ቀኝ ቀየርኩ፣ መንቀጥቀጡ ግን ንቅንቅ አላለም። መጨረሻ ላይ ጥፋቱን ያገኘሁት ግቢዬ ውስጥ ክሪክ፣ አንድ ብሎኬትና እስክሪብቶ ይዤ ነው። ስለዚ ብር ከማውጣታችሁ በፊት በምን ቅደም ተከተል ማየት እንዳለባችሁ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ

መሪ ላይ የሚሰማችሁ መንቀጥቀጥ ሁለት ነገር ተደምሮ ነው። አንዱ የሚያንቀጠቅጠው ነገር ነው፣ ማለትም ሲሽከረከር ሚዛኑ የተዛባ ወይ የተጣመመ አካል፦ ጎማ፣ ቸርኬ (ጎማው የሚገባበት ክብ ብረት)፣ የፍሬን ዲስክ፣ ዘንግ። ሁለተኛው ያንን መንቀጥቀጥ እስከ እጃችሁ የሚያደርሰው ልልነት ነው፦ የደከመ ቡሽ (የላስቲክ መጋጠሚያ)፣ የላላ ቦልጆይንት (የፊት እግሩ ኳስ መጋጠሚያ)፣ ያለቀለት አሞርዛተር (ዝላይ የሚያበርደው)። አዲስ መኪና ላይ ትንሽ የባላንስ (የጎማው ክብደት ሚዛን) ስህተት ቢኖር ጎሚኒዎቹ (ላስቲኮቹ) ይውጡትና ሹፌሩ አያውቀውም። 25 ዓመት የሞላት መኪና ግን ምንም አትደብቅላችሁም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ልልነቱን ያገኝና "ይኸው ተገኘ" ብሎ ይቀይራል፣ መንቀጥቀጡ ትንሽ ይቀንስና ከወር በኋላ ይመለሳል፣ ምክንያቱም የሚሽከረከረውን ነገር ማንም አልነካውም።

ትንሽ ሂሳብ ታግሱኝ። 175/65 አር 14 ጎማ አንዴ ሲዞር 1.83 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ስለዚ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 15 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቸርኬው ጠርዝ ላይ 20 ግራም ብቻ በአንድ ወገን ቢበዛ (ሁለት ሶስት ጣት ጭቃ በሉት) በዛ ፍጥነት ጎማውን ከ3 ኪሎ በላይ በሚሆን ጉልበት ወደ ውጭ ይጎትተዋል፣ ያውም በሰከንድ 15 ጊዜ አቅጣጫ እየቀየረ። ፍጥነታችሁን በግማሽ ስትቀንሱ ጉልበቱ በአራት እጥፍ ይወርዳል። መካኒኩ ሰፈር ውስጥ ያላገኘው ለዚህ ነው። 115 ላይ ፀጥ የሚለው ደሞ የፊት እግሩና መሪው የራሳቸው የሚወዱት ምት ስላላቸው ነው፣ የጎማው ዙር ከዛ ምት ጋር ሲገጥም ይብሳል፣ ሲያልፈው ይረጋል። ረጋ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም፣ ኩሽኔታው (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) እና ታይሮዱ ዱላውን እየቀመሱ ነው።

አላይመንት የመንቀጥቀጥ መድሃኒት አይደለም። አላይመንት የተበላሸች መኪና ወደ አንድ ጎን ትስባለች፣ ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ መሪው ጠመም ይላል፣ ጎማውን በአንድ ጠርዝ ትበላለች። በቃ። ጎማው ተበልቶ ቅርፁ ሲበላሽ ከዛ በኋላ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ ያኔም ቢሆን አላይመንቱን ማስተካከል የተበላውን ጎማ አይመልሰውም። እኔ ሁለቴ የከፈልኩት ለዚህ ትምህርት ነው።

መኪናዋን እየነዳችሁ ጠይቋት

መሳሪያ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና (እኔ ባለቤቴን ነው የወሰድኳት፣ ስልኳ ላይ ትፅፍልኝ ነበር) ትራፊክ በሌለበት ሰዓት፣ በጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ ቀኝ መስመር ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱም እጃችሁ መሪ ላይ ይሁን፣ እጅ ለቆ መሞከር የሚባል ጨዋታ የለም። መልስ የምትፈልጉላቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ስንት ላይ ይጀምራል፣ ስንት ላይ ይብሳል፣ ስንት ላይ ይጠፋል? ከ80 እስከ 115 ባለው ውስጥ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባላንስ ወይ የጎማና የቸርኬ ቅርፅ ነው። በ20 እና 30 ላይ መሪው ቀስ እያለ ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ባላንስ አትበሉት፣ የውስጥ ሽቦው የተላቀቀ ጎማ ወይ ክፉኛ የተጣመመ ቸርኬ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ይዞ ፈጣን መንገድ መውጣት አያስፈልግም።

እጃችሁ ላይ ነው ወይስ መቀመጫችሁ ላይ? እጅ ላይ ከሆነ ከፊት ጎማዎች ጀምሩ። መሪው ደህና ሆኖ መቀመጫውና ወለሉ ከሆነ የሚንቀጠቀጠው ከኋላ ጎማዎች ጀምሩ።

ፍሬን ስትይዙ ብቻ ነው? 100 ላይ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ፍሬን ንኩ፣ ከኋላችሁ ማንም እንደሌለ አይታችሁ። ያን ጊዜ ብቻ ከሆነ የሚመጣው ወይ በጣም የሚብሰው፣ ዲስክ ነው፣ ወደ ፍሬኑ ክፍል ዝለሉ።

ነዳጅ ስትረግጡ ነው? ረገጥ ሲያደርጉት የሚንቀጠቀጥ፣ እግር ሲያነሱ ወዲያው የሚተው ከሆነ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ ጠርጥሩ፣ በተለይ የውስጠኛውን ጆይንት።

ሞተሩ ነው ወይስ ጎማው? ሜዳ ቦታ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ አይደለም፣ የሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ላይ ስትደርሱ ለጥቂት ሰከንድ ማርሹን ዜሮ አድርጉት። ሞተሩን እንዳታጠፉ፣ ካጠፋችሁት መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም እንደዛው። የሞተሩ ዙር ወርዶ መንቀጥቀጡ ካልቀነሰ ጥፋቱ በሚሽከረከረው እግር ላይ ነው፣ አብሮ ከጠፋ ደሞ የሞተር መቀመጫ ጎሚኒዎችን እዩ።

መጨረሻ ላይ፣ ከተነሳችሁ ጀምሮ ነው ወይስ 15 እና 20 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ? ቆይቶ የሚመጣ ከሆነ የሚሞቅ ነገር አለ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ያልለቀቀ ፍሬን ነው። ተቃራኒውም አለ፣ መኪናዋ ሳምንታት ቆማ ከሆነ ጎማው መሬት የነካበት ቦታ ጠፍጣፋ ይሆንና መጀመሪያ ላይ ያንገጫግጫል፣ ሲሞቅ ይተዋል።

እቤት ስትመለሱ

ጎማዎቹ ከቀዘቀዙ በኋላ በጠዋት ንፋሱን ለኩ። ስንት መሆን እንዳለበት የሾፌሩ በር ሲከፈት ጎኑ ላይ የተለጠፈው ፅሁፍ ይነግራችኋል፣ ጎሚስታው "35 ልሙላልህ?" ስላለ ብቻ አትስማሙ። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ በትክክል የሞላችሁት ጎማ አዳማ ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ ቢለካ አንድ ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ያነሰ ያሳያል፣ ጎማው አፍስሶ ሳይሆን እዛ የውጪው አየር ከበድ ስለሚል ነው፣ አትደናገጡ። መንገድ ላይ የሞቀ ጎማ ለክቶ ማስተንፈስ ግን ስህተት ነው።

ከዛ ጭቃ። ይሄ ያስቃል ግን ክረምት ላይ ከሚመጡት መንቀጥቀጦች ስንቱ ጭቃ እንደሆነ ብታውቁ! ጭቃው የሚቀመጠው ቸርኬው ውስጥ፣ በመኪናው ወገን ባለው ጀርባ ነው፣ ከውጭ ብታጥቡት አይታይም፣ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ይለጠፋል። ጎማውን ፈትታችሁ በሽቦ ብሩሽ ፍቁት። የመኪና እጥበት ልጆች የውጪውን ያብረቀርቁላችኋል እንጂ ውስጡን የሚነካ አላየሁም።

ጎማው ተፈትቶ እያለ ባላንስ የተደረገበትን እርሳስ (ቸርኬው ላይ የሚታሰረውን ትንሽ የብረት ክብደት) እዩ። እርሳሱ ወድቆ ከሆነ የነበረበት ቦታ ንፁህ ምልክት ይተዋል፣ የጣት ያህል ርዝመት ያለው፣ ከዙሪያው ቆሻሻ የተለየ። እሱን ካያችሁ ባላንስ ማሰራት ብቻ ሊበቃ ይችላል።

አሁን የጎማው ገላ። በእጃችሁ መዳፍ ዙሪያውን ዳብሱ (ሽቦ የወጣበት ካለ ስለሚቆርጥ ቀስ ብላችሁ)። ጎኑ ላይ እብጠት፣ ጥርሱ ላይ ጉብ ያለ ቦታ፣ ወይ ጥርሶቹ ቀጥ ብለው ሲሄዱ አንድ ቦታ ላይ ወደ ጎን የሚታጠፉበት ካለ ውስጡ ተላቋል፣ ምንም ባላንስ አያድነውም፣ ዛሬውኑ ይቀየር። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ በ100 ፍጥነት የሚፈነዳው ጎማ ይሄ ነው። ዕድሜውንም እዩ፦ ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ፅሁፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፣ 2318 ከሆነ በፈረንጅ 2018 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ በኛ ሰኔ 2010 አካባቢ። መደብር ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ላስቲኩ አርጅቷል፣ ስትገዙ ሻጩ ፊት ጎንበስ ብላችሁ አንብቡት፣ አያፍሩበትም።

ክሪክ፣ ብሎኬትና እስክሪብቶ

ሜዳ ቦታ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው፣ የፊቱን አንድ ጎን አንሱ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ስር ማንም አይግባ፣ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ካላችሁ ከስር አስገቡ፣ ከሌላችሁ ስር መግባት የሚጠይቀውን ስራ ለጋራዥ ተዉት።

ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ብሎኬቱን ጎማው አጠገብ አስቀምጡ፣ እስክሪብቶውን ብሎኬቱ ላይ አስተኝታችሁ ጫፉን የቸርኬው ጠርዝ ሊነካ እስኪል አስጠጉት፣ ከዛ ጎማውን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጠርዙ ከእስክሪብቶው እየራቀና እየቀረበ ከሄደ ቸርኬው ተጣሟል። ከ1 ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ከሆነ በቂ ጥርጣሬ ነው። ይሄንኑ በጎማው ጥርስ ላይ ድገሙት፣ ጎማው ክብ ነው ወይስ እንቁላል ሆኗል? ባላንስ ማሽን ክብደትን ነው የሚያየው እንጂ ክብነትን አያይም፣ እንቁላል የሆነ ጎማ ዜሮ ዜሮ አንብቦ ወጥቶ መንገድ ላይ ሊዘል ይችላል። እና ስማኝ ወንድሜ፣ ስሚኝ እህቴ፣ የቸርኬውን የውስጥ ጠርዝም እዩ። የጉድጓድ ዱላ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በመኪናው ወገን ባለው ጠርዝ ላይ ነው፣ ከውጭ ስታዩት ፍፁም ደህና ይመስላል። ለዚህ ጎማውን ፈትታችሁ መሬት ላይ አዙራችሁ አስተኙት፣ ወይ ባላንስ ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር ከጀርባ ቁሙና እዩት።

ጎማው እንደተነሳ ልልነቱን ፈትሹ። ከላይና ከታች ይዛችሁ ገፋ ሳብ አድርጉ፣ ከዛ ከግራና ከቀኝ። (የፈረንጅ ቪዲዮ 12 እና 6 ሰዓት ላይ፣ ከዛ 3 እና 9 ሰዓት ላይ ያዙ ይላል፣ በኛ አቆጣጠር ብታስቡትም ያው ጥንድ ነው የሚመጣው፣ ለአንዴም ሰዓታችን ከነሱ ጋር ተስማማ።) ላይና ታች ኳ ኳ የሚል ልልነት ካለ ኩሽኔታ ወይ ቦልጆይንት ነው፣ ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፣ ፍሬን ተረግጦ ልልነቱ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ቦልጆይንቱን እዩ። ግራና ቀኝ ብቻ ከሆነ ታይሮዱ ወይ የመሪው ሳጥን ነው። ጎማውን ስታሽከረክሩት የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማችሁ ደሞ ከጎማው ጀርባ ያለውን ሞላ (ስፕሪንጉን) እየዞረ በእጃችሁ ንኩት፣ የኩሽኔታ መበላት እዛ ላይ እንደ ሻካራ ስሜት ይመጣል።

ቦልጆይንቱ ከላላ መኪናዋ ጋራዥ እስክትደርስ በቀስታ ትሂድ፣ ከዛ ውጪ አትንዷት፣ ሲወጣ ጎማው ይተኛል።

አስተሳሰሩ ራሱ

ጎማው ተፈትቶ እያለ ሞዞውን፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትን ገፅ፣ በሽቦ ብሩሽ አፅዱት። የዝገት ቅርፊት ወይ ጠጠር መሀል ላይ ከገባ ቸርኬው ገደድ ብሎ ይታሰራል፣ ባላንስ ማሽን ላይ ትክክል የነበረ ጎማ መኪናው ላይ ሲሆን ይንቀጠቀጣል።

ዳዶዎቹን ስታስሩ በዙሪያ ተራ በተራ አይደለም፣ በትይዩ ነው፦ አንዱን፣ ከዛ ፊት ለፊቱ ያለውን። መጀመሪያ ጎማው አየር ላይ እያለ በእጅ ሁሉንም አስጠጉ፣ ከዛ መሬት አስነክታችሁ አጥብቁ። ለኮሮላ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌላችሁ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መፍቻ ጫፍ ላይ 26 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። መፍቻው ላይ ቆሞ የሚዘል ጎሚስታ አይታችሁ ይሆናል፣ እኔም አይቻለሁ፣ ሁለት ቡሎን ቆርጦብኛል። አንዱ ከሌላው በጣም ሲጠብቅ ዲስኩንም ሊያጣምመው ይችላል።

ያማረ አልሙኒየም ቸርኬ ገዝታችሁ ያስገባችሁ ደሞ የመሀል ቀዳዳውን ለኩት። የኮሮላዋ ሞዞ መሀሉ ላይ የወጣው ክብ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለብዙ ዓይነት መኪና ተብሎ የተሰራ ቸርኬ ግን ቀዳዳው 67 ወይ 73 ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ቸርኬው መሀል ላይ የሚያስቀምጠው ነገር የለውም፣ ዳዶዎቹ ባሰሩት ቦታ ይቀመጣል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ይሸጣል፣ እሱን አስገቡ።

ነፃው ፈተና፦ ፊትና ኋላን መቀያየር

ለኔ መልስ የሰጠኝ ይሄ ነው። አራቱም ጎማ አንድ ቁጥር ከሆነ የፊቱን ሁለት ወደ ኋላ፣ የኋላውን ሁለት ወደ ፊት አዛውሩ፣ በየጎናቸው፣ ግራው ግራ ይቅር። ከዛ እዛው መንገድ፣ እዛው ፍጥነት። መንቀጥቀጡ ከመሪ ወደ መቀመጫ ከሄደ ጥፋቱ ከጎማና ከቸርኬው ጋር አብሮ ተጓዘ ማለት ነው። ሳይንቀሳቀስ እዛው መሪ ላይ ከቀረ ጎማዎቹን ተዉና ዲስክ፣ ሞዞ፣ ዘንግ ላይ አተኩሩ። ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ወይ አስተሳሰሩ ነበር ችግሩ፣ ወይ የኋላው እግር ስለሚውጠው አልተሰማችሁም፣ እንደዛ ከሆነ ባላንስ አሰርታችሁ ቀጥሉ።

ወደ መቀመጫ ከሄደ ደሞ ሁለቱን መለየት ነው የሚቀረው፦ አንዱን ጎማ ብቻ በእስኮርት (በተጠባባቂ) ጎማ ተኩና ሞክሩ። እስኮርቱ ግን እኩል ቁጥርና ደህና ጎማ መሆን አለበት። ከመኪናዋ ጋር ከጃፓን የመጣ 20 ዓመት ያለፈው እስኮርት አስራችሁ 100 እንዳትነዱ።

ባላንስ ማሽኑ ፊት ቁሙ

ጎሚስታ ጋ መኪናውን ትታችሁ ሻይ ልጠጣ ብላችሁ አትሂዱ። ልጁ አሮጌውን እርሳስ ነቅሎ፣ ጭቃውን አፅድቶ ነው መጀመር ያለበት። ጎማው ማሽኑ ላይ በመሀል ቀዳዳው በሾጣጣ ብረት ይታሰራል፣ የቸርኬው ስፋትና ቁጥር ማሽኑ ላይ በትክክል መግባት አለበት፣ ካለፈው ደንበኛ የቀረ ቁጥር ከሆነ ሂሳቡ ሁሉ ውሸት ነው። ዜሮ ዜሮ ካሳየ በኋላ አንድ ነገር ለምኑት፦ "ወንድሜ ፈታ አድርገህ ጎማውን ግማሽ ዙር አዙረህ እሰረውና እንደገና አሽከርክርልኝ።" ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል፣ ሻይ ግዙለት። እንደገና ዜሮ ወይ 5 ግራም ካሳየ ጥሩ ስራ ነው። 15፣ 20 ካመጣ ጎማው ማሽኑ ላይ መሀል ላይ አልተቀመጠም፣ ወይ ማሽኑ ራሱ መስተካከል ይፈልጋል፣ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ማሽኑ ለአንድ ትንሽ ጎማ 70፣ 80 ግራም ከጠየቀ ደሞ እርሳስ መደርደር መፍትሄ አይደለም። ጎማውን ቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙሮ እንደገና ማስገባት ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል፣ ካልቀነሰ ጎማው ወይ ቸርኬው በሽተኛ ነው።

ፍሬን

ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚንቀጠቀጥ መሪ ዲስክ ነው ብያለሁ። "ዲስኩ ተጣመመ" እንላለን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል አለመሆኑ ነው። ዲስኩ ሲዞር ወደ ጎን የሚፈቀድለት መወዛወዝ ራሱ በጣም ትንሽ ነው፣ ብዙ መኪና ላይ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ስለዚ በእስክሪብቶ አይታይም፣ ሰዓት የሚመስለው መለኪያ ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል። አንዱ መንስኤ የጋለ ፍሬን ነው። ዓባይ በረሃን ፍሬን እየያዛችሁ ወርዳችሁ ድልድዩ ጋ ፔዳሉን ረግጣችሁ ብትቆሙ ፓዱ (ዲስኩን የሚጨብጠው) ዲስኩ ላይ ማህተሙን ትቶ ይሄዳል። በማርሽ ውረዱ።

ቶርኖ ቤት ማስላጥ ይቻላል፣ ግን ዲስኩ ላይ የተፃፈው ዝቅተኛ ውፍረት አለ፣ ከተላጠ በኋላ ከዛ በታች ከሆነ አዲስ ግዙ፣ ቀጭን ዲስክ ቶሎ ይግላል። አዲስ ስታስገቡ ሞዞውን ማፅዳት አትርሱ።

ቆይቶ ለሚመጣው መንቀጥቀጥ፦ 20 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ደህና ማቆሚያ ስታገኙ አራቱንም ቸርኬ ሳትነኩ መዳፋችሁን አስጠግታችሁ ሙቀታቸውን አወዳድሩ። አንዱ ከጓደኛው በጣም ከጋለ ካሊፐሩ (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) አይለቅም። ብዙ ጊዜ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ነው፣ ፅዳትና ለፍሬን የሚሆን ግሪስ ይበቃዋል፣ አዲስ ካሊፐር ግዛ ስትባሉ መጀመሪያ ይሄን አስሞክሩ።

የቀሩት

የውስጠኛው ሲቪ ጆይንት ሲበላ ነዳጅ ስትረግጡ በተለይ ዳገት ላይ መኪናዋ ወደ ጎን ትርገበገባለች። ሲጠማዘዙ ቀጭ ቀጭ የሚለው ግን የውጪው ነው፣ አትቀላቅሏቸው። የጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ግሪሱ ከወጣ ነገሩ ግልፅ ነው።

ዲኤክስ፣ ሃይሉክስ፣ ሚኒባስ፣ ማለትም ከኋላ የሚገፋ መኪና ያላችሁ ወለል ላይ የሚሰማ ድምድምታ ካለ ክሮቼራውን (ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ መጋጠሚያ) በእጅ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ልልነቱን እዩ።

አሞርዛተሩን የመኪናውን አፍንጫ ጫን ለቀቅ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ከዘለለ ወይ ዘይት ካፈሰሰ አርጅቷል፣ ጎማውንም እየቦረቦረ ይበላዋል። የሎወር አርም (የፊት እግሩ የታችኛው ክንድ) ቡሽ ደሞ በተለይ የኋለኛው፣ ላስቲኩ ተሰንጥቆ ይታያል፣ መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ተመሳሳይ የሚመስል ግን የማይገጥም ብዙ አለ።

የኔው ምን ነበር? ጎማዎቹን ሳቀያይር መንቀጥቀጡ መቀመጫ ስር ገባ። እስክሪብቶው የውጪውን ጠርዝ አልከሰሰውም፣ መጀመሪያ ግራ ፊት የነበረውን ጎማ ፈትቼ ሳገላብጠው ግን የውስጡ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ገብቷል፣ የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ሰፈራችን ስላለ አውቀዋለሁ። በመዶሻ ማስተካከል አልፈለግኩም፣ የብረት ቸርኬ በመዶሻ በትክክል ቀጥ ለማለት ያስቸግራል፣ ሌላ ቦታ ሊያብጥ ይችላል። እስኮርቱ ቸርኬ ከዛች ቀን በፊት መሬት ነክቶ አያውቅም፣ ጎማውን ፈትተን እሱ ላይ አስገባነው፣ ባላንሱን ቆሜ አሰራሁ፣ የተጣመመው ሻንጣ ቤት ገባ፣ ለክፉ ቀን ቀስ ብሎ ያደርሳል። ከ100 እስከ 105 ትንሽ ኩርኮራ ቀርቶ ነበር፣ እሱ የቀኙ አርም ቡሽ ሆኖ ተገኘ፣ እሱም ተቀየረና አርም ስለተነካ ያኔ አላይመንት አሰራሁ፣ ለሶስተኛ ጊዜ፣ በዚህኛው ግን በምክንያት።

ጎማ በተፈታ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። ለኔ አዳማ መድረስ ማለት ነው፣ ከመንገዱ ወጥቼ ጥላ ስር አቁሜ፣ ጎማው ቀዝቀዝ እስኪል ውሃዬን ጠጥቼ፣ አራቱንም በመፍቻ እዞራለሁ፣ አንድ ጊዜ ሁለቱ ሩብ ዙር ወስደዋል።